አንገቱን ወደ ታች

«ጠርሙሱ ግን ቢቀርስ?» አለች ሌሲ፣ የአክስቷን ማቀዝቀዣ ከፍታ ወደ ውስጥ እያየች። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ የሰው ፊት ላለማየት ሲባል የሚከፈት ማቀዝቀዣ ብዙ ነው። ቬርና ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ እየከፈለች ቅቤ ትቀባ ነበርና ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ልጅቷ ቀጠለች። በኦክቶበር ተራራው ላይ እምብዛም አይዘንብም፣ ድንኳንም ተከራይተናል፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጉልበትሽን ደግሞ ያምሻል፣ ለምን ትደክሚያለሽ አለች። ይህን ሁሉ የነገረችው ለወተቱና ለእንቁላሉ ነው። ከዚያ በሩን ዘጋች፣ አክስቷን ጉንጯ ላይ ሳመች፣ የተቀባላትን ዳቦ ሳትነካ «ሥራ አለብኝ፤ ብርድ ልብሶቹን ማታ መጥቼ እወስዳለሁ» ብላ ወጣች። ቬርና ዳቦውን ራሷ በላችው።

እያኘከችም ነገሩን በበጎ ተረጎመችው። ልጅቷ ለጉልበቴ አስባ ነው አለች። የዘመኑ ልጅ ስለሆነች በጠርሙስ አታምንም፤ አላምንም ብላ ደግሞ እኔን ማስቀየም አልፈለገችም። በቬርና ቤተሰብ ግን ያለ ጠርሙስ ሠርግ ተሠርጎ አያውቅም። ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሙሽሮቹ ቆመው ቃል በሚገቡበት ቦታ ላይ፣ ያልተከፈተ የቡርቦን ውስኪ አንገቱን ወደ ታች ተደፍቶ ይቀበራል፤ የዚያን ቀን ዝናብ እንዳይጥል ነው። ቃሉ ከተገባ በኋላ ተቆፍሮ ይወጣና ሁሉም እየተቀባበለ ይጎነጨዋል። ይህን አገሩ ሁሉ ያደርገዋል። የእነሱ ቤት የጨመረው አንድ ሕግ ነበር፦ የሚቀብረው የሙሽራዋ እናት እንጂ ሌላ ሰው አይደለም፤ በጠርሙሱ አንገት ላይም ከእናትየዋ ቤት የተቀደደ ጨርቅ ይታሰራል። የቬርና እናት ለቬርና ቀብራላታለች፣ ለታናሽ እህቷ ለሮንዳም ቀብራላታለች። በሁለቱም ሠርግ አልዘነበም። ሁለቱም ትዳር አልቆየም፤ ግን ጠርሙስ የሚከለክለው ዝናብን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቬርና ለማንም ሳትናገር ልትቀብረው ቆረጠች። ልብሷን ለበሰች፣ ከጓዳ ትንሿን የአትክልት አካፋ አወጣች፣ ከአልጋዋ ሥር ካለው ሣጥን የእናቷን ሽርጥ አወጣች። ቀይና ነጭ ዳማ ያለው ሽርጥ ነው፤ በትክክል ለመናገር የሽርጡ ግማሽ ነው። እናታቸው የሞተች ሰሞን እሷና ሮንዳ እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ ተባብለው፣ በመጨረሻ ጎረቤት መቀስ አምጥቶ ለሁለት ከፈለላቸው። ሮንዳ ግማሽ ሽርጧን ይዛ ወደ ፍሎሪዳ ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጇን ሌሲን «ለቅዳሜና እሑድ ብቻ» ብላ ቬርና ዘንድ ተወቻት። ያ ቅዳሜና እሑድ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው። በየገናው ካርድ ይመጣል፤ አንዳንዴ ራሷም ትመጣለች፣ ሽቶዋ ግን ከእሷ የበለጠ ይቆያል።

ሌሲ በጸደይ ወራት፣ እዚህችው ኩሽና ውስጥ፣ እጮኛዋ ዌድ ያደረገላትን ቀለበት አሳይታ ስታበቃ አንድ ነገር ተናግራ ነበር። «የእናት ወንበር ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ሌላ ማን አለኝ?» ነው ያለችው። በሠርግ ቀን ከፊት ረድፍ በስተግራ አንድ ወንበር አለ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ካለቀ በኋላ የሙሽራዋ እናት ብቻዋን ተመርታ ትመጣና እዚያ ትቀመጣለች፤ ሙሽራዋ ስትመጣ ደግሞ መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ናት፤ እሷ ካልተነሣች ማንም አይነሣም። ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል፤ ቬርና ድባብም ዙፋንም አልጠየቀችም፣ ያችን አንዲት ታጣፊ ወንበር ነበር የፈለገችው። ማህፀኗ ልጅ አልያዘም። ያሳደገችውን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወስድ «እናቷ ነሽ?» ሲሏት «አክስቷ ነኝ፣ ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝ» እያለች ሃያ አንድ ዓመት ተናግራለች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ማንም አይጠይቃትም፤ ወንበሩ ራሱ ይናገርላታል። ለዚህ ስትል ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ አሰፍታለች። ለዚህ ስትል በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ የምታነሣበትን ሥራዋን እየጨረሰች፣ ክረምቱን ሙሉ ከዳቦ ጋጋሪው፣ ከድንኳን አከራዩ፣ ከፎቶ አንሺው ጋር ስትከራከር ሰንብታለች። ለእንግዶቹ በየወንበሩ ላይ የሚሆን፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ ከየዘመዱ ለምና አጥባ አጣጥፋለች። ተራራው ላይ ኦክቶበር ይበርዳል።

መጠጥ ቤቱ፣ ማለት የታሸገ መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከኖክስቪል ከተማ መውጫ መንገድ ላይ ነው። ቬርና የማትጠጣ ሰው ናትና መደርደሪያው ፊት ለፊት እንደ ጠፋ ሰው ቆመች። አንደኛው ሃያ ሁለት ዶላር፣ ከጎኑ ያለው ሰማንያ ነው፤ ልዩነቱን ከውጭ ማንም አያይም። ገንዘብ ተቀባዩ፣ ጺሙን እስከ ደረቱ ያሳደገ ጎረምሳ፣ አያትና ፈገግ አለ።

«ለመጠጥ ነው ወይስ ለቀብር?» አላት።

«ለቀብር።»

«እንግዲያው ርካሹን አይያዙ። አማቾች አውጥተው ሲቀምሱት ያሙዎታል። የማን ሠርግ ነው?»

«የልጄ» አለች ቬርና። ቃሉ ሳታስበው ወጣ። ማንም አላረማትም፤ ጎረምሳው እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ጠርሙሱን በወረቀት ጠቀለለላት። መካከለኛውን ነበር የወሰደችው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከሽርጡ ጫፍ ጣት የሚያህል ቀደደች፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችና ጠርሙሱን ጎኗ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት። በራሷ ሳቀች። ከዚያ በፊት ያ ቀበቶ የሚታሰረው ለሌሲ ነበር።

የሠርጉ ቦታ የፖም እርሻ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ሬዲዮው ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮ እየተደፈነ ነው የሚወጣው። ዝቅ ብሎ ያለው ጫካ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ከላይ ከላይ ያሉት ዛፎች ግን ጫፋቸው መቅላት ጀምሯል። በኦክቶበር መጨረሻ ቀለሙ ወርዶ ወርዶ፣ በሠርጉ ቀን ልክ ሜዳው ላይ ይደርሳል፤ ቬርና ይህን አስልታ ነው ቀኑን ያስመረጠችው። በመስኮት ስታየው ደስ አላት። የእርሻው ባለቤት ሽማግሌው ዶይል ሳጥን እየጫነ ነበርና ከሩቅ እጁን አነሣላት። እሷም አነሣችለት፤ አምስት ጊዜ መጥታ አምስቱንም ጊዜ ያገኘችው ሚስቱን ነበር። አካፋዋንና ጠርሙሷን ይዛ ሙሽሮቹ ወደሚቆሙባቸው ሁለት የሜፕል ዛፎች አቀናች።

በዛፎቹ መካከል ተንበርክካ ስታይ ሣሩ እንደ ሌላው አልነበረም። በክብ ተቆርጦ ተመልሶ የተጠቀጠቀ ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ደርቋል። ፍልፈል ይሆናል አለች። አካፋውን ስትሰካ አፈሩ ሳይታገላት ገባ፣ ሁለት ጊዜም ሳትዝቅ ብረቱ ከአንድ ነገር ጋር ተፋጨ። በጣቷ አፈሩን ገለጥ ስታደርግ መጀመሪያ የታያት ቡሽ ነው፣ ቀጥሎ የጠርሙስ አንገት፣ ቀጥሎ በአንገቱ ላይ የታሰረ ጨርቅ። ጨርቁ አፈር ነክቶታል፤ ቢሆንም ቀይና ነጭ ዳማ ነው። ቬርና ወደ ኋላዋ ዞራ የራሷን ጠርሙስ አየች። እዚያ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፣ ጨርቁም እንደታሰረ ነው። እንደገና ወደ ጉድጓዱ አየች። የእናቷ ሽርጥ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በሁለት ሴቶች እጅ ብቻ ነው። ጉልበቷ ሲያማት የነበረውን ረሳችው፣ ሌላ ቦታ አመማት።

ዶይል እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ደግሞ ሳያውቅ የሚናገረው ነገር ይበልጥ ይጎዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆፈር ማየቱ ገርሞት ነበርና የሙሽራዋ እናት እኮ ባለፈው ቅዳሜ መጥተው ቀብረዋል አላት። ከልጃቸው ጋር ነበሩ። ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሲስቁም አንድ ዓይነት ናቸው። እናትየዋ ወንበራቸው በሚቆምበት ቦታ ተቀምጠው ሞክረው ፀሐይ ዓይናቸውን ስለወጋቸው፣ በሠርጉ ቀን የፊተኛውን ረድፍ ትንሽ ወደ ጥላው እንዲያስጠጋላቸው ለምነውታል። እሺ ብሏል፣ ምን ቸገረው።

«እርስዎስ የሙሽራዋ ምኗ ነዎት?» አላት።

«አክስቷ» አለች ቬርና። ያሳደግኳት የሚለውን አልጨመረችም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ዶይል ሲሄድ ያለፈውን ቅዳሜ አስታወሰች። ሌሲ የዚያን ቀን የምሠራበት ባንክ ተጨማሪ ሥራ ሰጥቶኛል ብላት፣ ቬርና ምሳ ቋጥራ ሰጥታ እስከ በር ሸኝታት ነበር። የዶሮ ሳንድዊች ነበር፤ ሁለት ነበር የቋጠረችው፣ ልጅቷ ሲርባት አንድ አይበቃትም ብላ። ሁለተኛውን ማን እንደበላው አሁን ገባት። ከሁሉ ነገር፣ ከወንበሩም ይልቅ፣ ያ ሳንድዊች አንጀቷን አሳረራት። እኔ ስንቅ አስይዤ ነው የላክኋቸው አለች፣ ድምጿን አውጥታ፣ ለሣሩ።

ከዚያ ነው ያስተዋለችው። ጠርሙሱ አንገቱን ወደ ላይ ቆሞ ነው የተቀበረው። ሮንዳ ጠርሙስ እንደሚቀበር ታውቃለች፣ ጨርቅ እንደሚታሰር ታውቃለች፣ የሚቀብረው እናት መሆኗን ከማንም በላይ አስታውሳለች፤ እንዴት እንደሚቀበር ግን አታውቅም። ለቬርና ሲቀበር ጓደኞቿ ጋ ነበረች፣ ለራሷ ሲቀበር ተኝታ ነበር። እናታቸው ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ጠርሙስ አንገቱን ቀና ካደረገ ዝናብ ጠሪ ነው። ቬርና ሳታስበው፣ እጇ እንደለመደው፣ ጠርሙሱን አወጣችና ገልብጣ ደፋችው። አፈሩን ልትመልስ ስትል እጇ ቆመ። የሃያ አንድ ዓመት ሥራዬ ይኸው ነው አለች በልቧ፤ ሮንዳ ያቆመችውን መገልበጥ፣ የረሳችውን ማንሣት፣ የጣለችውን ማሳደግ፣ ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ማጨብጨብ። ከዚያ ጠርሙሱን መልሳ አወጣችው፤ አንገቱን ወደ ላይ፣ ልክ እንዳገኘችው፣ አቁማ ቀበረችው። ሣሩን ጠቀጠቀችበት። የራሷን ጠርሙስ ይዛ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ስትመለስ ቀበቶ አላሰረችለትም፤ በየጠመዝማዛው ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንከባለል ሰማችው።

ሌሲ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ መጣች። ቬርና ቦሎቄ ቀቅላ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ ነበር፤ ቂም የያዘ ሰውም ቢሆን እራት ይሠራል። ብርድ ልብሶቹ ሶፋው ላይ በአራት ክምር ተቆልለዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ሌሲ ስለ ኬኩ አነሣች፣ ወሬው ወደቀ። ስለ ዌድ አጎት ሁለተኛ ሚስት አነሣች፣ እሱም ወደቀ። ቬርና በመጨረሻ ባለፈው ቅዳሜ ሥራው እንዴት ነበር አለቻት። ልጅቷ በጣም በዝቶብን ነበር አለች። ቬርና ሌላ ዕድል ሰጠቻት፤ ሳንድዊቹ በቃሽ ወይ አለቻት። በቃኝ አለች።

«የፊተኛው ወንበር ላይ ማን ነው የሚቀመጠው፣ ሌሲ?»

ሌሲ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አንገቷ ሥር ቀላ። «ማን ነገረሽ?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ።»

«ልነግርሽ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደህና ቀን እየፈለግኩ ነበር። እማዬ ደወለችልኝና አለቀሰች፣ ቬርና። እናት ሆኜ አላውቅም፣ አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ቬርና የሰማችው «እማዬ» የሚለውን ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን በትኩሳት ተይዛ ቬርናን እንዲህ ብላት ነበር፤ ቬርና በማግሥቱ፣ ትክክለኛ ሰው መሆኗን ለማሳየት ብላ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ፣ እናትሽ ትመጣለች ብላ አረመቻት። ይኸው መጣች።

«አንቺ እኮ ሌላውን ቀን ሁሉ አግኝተሻል» አለች ሌሲ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ እንደ ማባበል። «እሷ ያላት ይህ ብቻ ነው። ደግሞ ከኋላዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነሽ፤ ያው ነው፣ ልዩነት የለውም። አንቺ ትችዪዋለሽ። እሷ ግን አትችልም።»

«እኔም አልችልም» አለች ቬርና።

ሌሲ አየቻት። አክስቷ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ትንሽ አለቀሰች፣ በናፕኪን ዓይኗን ጠረገች፣ ተነሥታ ሳህኖቹን አጠበች። ቬርና አላስቆመቻትም። ወንበሩን ልመልስልሽ የሚል ቃል ትጠብቅ ነበር፤ ጆሮዋን አቁማ፣ ውሃው ሲወርድ፣ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ እየሰማች፣ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ቧንቧው ተዘጋ። ቃሉ አልመጣም። ሌሲ ብርድ ልብሶቹን በሦስት ዙር ወደ መኪናዋ አመላለሰች፤ አራተኛውን ክምር ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ቅር የተሰኘ ሰው ሲፈልጉት ደስ ይለዋል ብላ ይሆናል፣ ወይም እውነት ቸግሯት ይሆናል፣ ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«እማዬ ጠርሙሱን ቀብራዋለች። ጠዋት ቢቀርስ ያልኩሽ ለዚያ ነው። እና… አንገቱን ወደ ላይ ነው ያደረገችው። እኔ ወደ ታች ይመስለኛል ብያት ነበር። እንጃ፣ ቬርናን ጠይቂያት፣ እሷ ታውቃለች አለችኝ። የቱ ነው ልኩ?»

ቬርና ወንበሯ ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ብርድ ልብሶቹን እስከ አገጯ ታቅፋ ነበር። ከላይ ያለውን ብርድ ልብስ ቬርና ታውቀዋለች፤ ሌሲ መጀመሪያ የመጣች ሌሊት የተሸፈነችበት ነው። አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ነበር።

«የሚቀብረው እናት ናት» አለች። «እናትሽ እንዳደረገችው ነው ልኩ።»

ሌሲ ተነፈሰች። መጥታ ግንባሯን ሳመቻትና እወድሻለሁ አለቻት፤ እውነቷንም ነበር። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ቬርና በመስኮት አላየችም። ከመኪናዋ ይዛው የገባችውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ሥር አነሣች፣ ዳማውን ጨርቅ ፈትታ ከቀሪው ሽርጥ ጋር አስቀመጠችው፣ ቡሹን ነቅላ በሻይ ብርጭቆ ቀዳች። የሠርግ ጠርሙስ ከሠርጉ ቀን በፊት አይከፈትም። ጠጣችው፤ አቃጠላት፤ ደገመችው። ጥቁር አረንጓዴው ቀሚስ በሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ወዲያ ማዶ ተራራው ላይ አንድም ደመና አይታይም። እንዲዘንብ አልጸለየችም። እንዳይዘንብም አልጸለየችም።